ሃያ ሦስተኛው ጥይት

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም። ሥራዬ ሚዛን ማስተካከል ነው፣ ቶሮንቶ፣ ኢቶቢኮ በሚባለው ሰፈር፣ ኤርፖርቱ አካባቢ ያሉትን መጋዘኖችና ሥጋ ቤቶች እየዞርኩ ሚዛናቸው ልክ መሆኑን አረጋግጬ፣ ምልክቴን ለጥፌ እወጣለሁ፣ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ እንጀራዬ ይኸው ነው፣ በእነዚህ ዓመታት የተማርኩት ነገር ቢኖር ሰው ይዋሻል፣ ሚዛን ግን ይበላሻል እንጂ አይዋሽም የሚል ነው። ሚስቴ ሰብለ ሕልም አይታ ስትነግረኝ «ማታ ምን በልተሽ ተኛሽ?» ነው የምላት። እንግዲህ ይህን የሚያወራችሁ እንደዚያ ያለው ሰውዬ ነው፣ እመኑኝ ብዬ አልለምናችሁም፣ ብቻ ልጻፈው፣ አሁን እጄ ሥራ መፍታት የለበትም።

ነገሩ የጋሽ ደምሴ ነው። ጋሽ ደምሴ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥተው ቶሮንቶ የገቡ፣ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ማንንም ሳላውቅ እዚህ አገር ስገባ ስምንት ወር ሙሉ ሳሎናቸው ሶፋ ላይ አስተኝተውኛል፣ አንድ ቀን እንኳ «መቼ ነው የምትወጣው?» አላሉኝም፣ እንዲያውም የራሴን ክፍል ተከራይቼ የወጣሁ ቀን ተቀይመውኝ ነበር። አባቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት፣ ስለዚህ አባት ማለት ለእኔ እሳቸው ናቸው፣ በቃ።

አደኑንም ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው። አብሯቸው አውቶቡስ ይነዳ የነበረ ቶኒ የሚባል ሰው ከከተማው ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ተኩል የሚያስነዳ ቦታ እርሻ አለው፣ በየዓመቱ ጥቅምት ማለቂያ ላይ እዚያ ሄደን አጋዘን እንጠብቃለን። በመጀመሪያው ዓመት ጋሽ ደምሴ አንዱን ከሦስት መቶ ሜትር ላይ መቱት፣ ሜዳውን ተሻግረን እስክንደርስ ግን ሞቶ ጠበቀን፣ እሳቸውም ቢላዋቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። በስመ አብ ተብሎ ሳይታረድ የሞተ በክት ነው፣ በክት ደግሞ አይበላም። ያን የመሰለ አጋዘን ለቶኒ ትተን ባዶ እጃችንን ተመለስን፣ ቶኒ እስከ ዛሬ ምን እንዳስቀየመን አልገባውም።

ጋሽ ደምሴ ነገሩን ዓመቱን ሙሉ ሲያሰላስሉት ከረሙና አንድ ቀን መፍትሔ ይዘው መጡ፣ በሩቅ ለሚገደል እንስሳ ቢላዋው ጥይቱ ነው፣ ስለዚህ መባረክ ያለበት ጥይቱ ሲሠራ ነው አሉ። ይህን ቄስ ነግሯቸው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም፣ እናንተም አትጠይቁኝ። ከሱቅ የሚገዛው ጥይት በማን ስም እንደተሠራ አይታወቅም፣ ስለዚህ የራሳችንን ጥይት እኔ ቤት፣ ምድር ቤት ውስጥ መሥራት ጀመርን። ለእኔ ሰበብ ነው የተገኘልኝ፣ ፈቃዱን አውጥተን፣ ማሽኑንና ስስ ሚዛኑን ገዝቼ፣ መጽሐፉን ሌት ተቀን አነበብኩት። የተተኮሰውን ቀለህ አጥቦ ወደ ልኩ መመለስ፣ ከሥሩ ትንሿን መለኮሻ መትከል፣ ባሩዱን በመስፈሪያ ሰፍሮ መጨመር፣ ከላይ እርሳሱን በማሽን መጫን፣ ይኸው ነው። ከሩቅ ለሚተኩስ ሰው አንዱ ጥይት ከሌላው ጋር ፍጹም እኩል መሆን አለበት፣ እኔም በዚህ ነው የምኮራው፣ የእኔን ጥይቶች ቀላቅላችሁ ብትሰጡኝ የትኛው የትኛው እንደሆነ እኔው ራሴ አልለይም። ጠመንጃቸውንም በየዓመቱ ፈትቼ የምወለውለው፣ ዘይት ቀብቼ የምመልሰው እኔ ነኝ።

አሠራራችን እንዲህ ነበር። ሃምሳ ቀለህ ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው እንጨት ላይ ይደረደራል፣ ጋሽ ደምሴ በርጩማቸው ላይ ይቀመጣሉ፣ «በስመ አብ» ሲሉ የመስፈሪያውን እጀታ አወርዳለሁ፣ አንድ ስፍር ባሩድ ይገባል፣ «አሜን» ሲሉ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። እሳቸው ሃምሳ ጊዜ ይባርካሉ፣ እኔ አፌን ዘግቼ እሰፍራለሁ። አንተም በል እንጂ ይሉኛል፣ እኔ እጄ ነው የሚሠራው ጋሼ፣ የእርስዎ አፍ ይበቃናል እላቸዋለሁ። በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አብሬያቸው ብዬ አላውቅም።

ዘንድሮ በጸደይ ቀኝ ትከሻቸውን ቀዶ ጥገና ተደረጉና፣ የአደኑ ወቅት ከመከፈቱ በፊት ትከሻቸውን የሚያለማምዱበት ግፊቱ ቀለል ያለ ጥይት ሥራልኝ አሉኝ። ቀላል ጥይት ማለት ባሩዱ የቀለሁን ግማሽ እንኳ የማይሞላ ነው፣ ይህን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ይፈለጋል። በዚያ ሳምንት ጉንፋን ይዟቸው መምጣት ስላልቻሉ በስልክ እባርካለሁ አሉ፣ እኔም ሐሙስ ማታ ስልኬን ጠረጴዛዬ ላይ ካለችው ትንሽ ስፒከር ጋር አገናኝቼ፣ እሳቸው ከፍሌሚንግደን፣ እኔ ከኢቶቢኮ ሥራችንን ጀመርን። ሃያዎቹ ውስጥ ስንደርስ ይመስለኛል፣ «በስመ አብ» ብለው እንደጀመሩ ሳል ያዛቸው፣ ረጅም፣ ደረት የሚሰነጥቅ ሳል፣ ውሃ ጠጡና «ይቅርታ ልጄ» ብለው ያንኑ ቡራኬ እንደገና ከመጀመሪያው አሉት። ከዚያ ቀጠልን፣ ሃምሳውንም ጨረስን። ሥራ ሳበቃ የባሩዱን ቆርቆሮ መዝኜ በደብተሬ መጻፍ የማይቀር ልማዴ ነው፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚሉት ነኝ፣ የዚያን ዕለት ግን ደክሞኝ ሳልመዝን ተኛሁ። ጥፋቴ ይህ ነው፣ ሌላ ሰው ላይ የምለጥፈው የለኝም።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጋሽ ደምሴ ያችን አሮጌ መኪናቸውን እየነዱ መጡ፣ አረንጓዴውን የሱፍ ኮታቸውን ለብሰው፣ አሁንም እየሳሉ፣ ጥይቱን ተቀብለው ወደ ሰሜን ሄዱ። እኔ ቤት ቀረሁ፣ ሰብለ ሥራ ገብታለች፣ መኪናችንን ይዛ። ሦስት ሰዓት ገደማ ምድር ቤት ወርጄ ጠረጴዛዬን ሳጸዳ የቀረችኝ ነገር ትዝ አለችኝና ቆርቆሮውን ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። አንድ ስፍር ጎደለ። ሚዛኑን በመፈተኛ ክብደት ፈትሼ እንደገና መዘንኩ፣ ሦስተኛም መዘንኩ፣ ጠረጴዛውንና ወለሉን በብሩሽ ጠርጌ አየሁ፣ የፈሰሰች አንዲት ፍሬ ባሩድ የለችም። ለሃምሳ ቀለህ ሃምሳ አንድ ስፍር ነው የወጣው።

ያን ጊዜ ነው ሳሉ ትዝ ያለኝ። ሁለት ጊዜ «በስመ አብ» አሉ፣ እጄ ደግሞ በስምንት ዓመት የለመደው እሳቸው በስመ አብ ሲሉ መውረድን ነው። አንዷ ቀለህ ውስጥ ሁለት ስፍር አለ፣ ጥይቷ ቀላል ስለሆነች ደግሞ ሁለት ስፍር ቢገባባት እንኳ ሞልታ አትፈስም፣ እርሳሱ ከላይ ከተጫነባት በኋላ ማንም አያውቅባትም። እንዲህ ያለችው ጥይት አይደለችም፣ ቦንብ ናት፣ ጠመንጃውን ሰንጥቃ የተኳሹን ፊት ይዛ ነው የምትሄደው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው እኔ ነኝ።

ደወልኩላቸው፣ ስልካቸው ዝግ ነው፣ እዚያ እርሻ ላይ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። ቶኒ ጋ ደወልኩ፣ ቶኒ ኦታዋ ለሠርግ ሄዷል፣ አያነሳም። የአካባቢው ፖሊስ ጋ ደወልኩ፣ አንዲት ትሑት ሴት ሁሉንም መዝግባ ስታበቃ ቅርብ ያለው ፖሊስ የመኪና አደጋ ላይ እንደሆነ፣ ሲጨርስ ለማየት እንደሚሞክር ነገረችኝ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፣ ስሙን እንኳ የማላውቀውን ጎረቤቴን በር ሄጄ አንኳኳሁ፣ መኪናውን ልለምነው፣ እሱም የለም። ቢኖርስ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው፣ እሳቸው አሁን ደርሰው ኢላማቸውን ተክለዋል። ስልኬን እንደያዝኩ ኩሽና መሃል ቆምኩ፣ ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረኝም።

ከምድር ቤት «በስመ አብ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ቀኑ ብራ ነበር፣ ይህን የምላችሁ ጨለማ አስፈርቶት ነው እንዳትሉኝ ነው፣ ስወርድ በትንሿ መስኮት የገባው ፀሐይ ጠረጴዛዬ ላይ ተኝቷል። ድምፁ የመጣው ከስፒከሯ ነው። አነሳኋት፣ መብራቷ ጠፍቷል፣ ማብሪያዋ ተዘግቷል፣ ስልኬ ደግሞ እጄ ውስጥ ነው ያለው፣ ከማንም ጋር አልተገናኘም። ጆሮዬ ላይ ለጠፍኳት። መጀመሪያ ጠመንጃ ሲቀባበል ተሰማኝ፣ ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ እኔ የወለወልኩት ብረት ነው፣ ቀጥሎ ጋሽ ደምሴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን» አሉ። ተኩሱ አልተሰማም። ከአሜን በኋላ ጸጥታ ብቻ ነው።

ከሁለት ደቂቃ በኋላ እንደገና ተቀባበለ፣ እንደገና ባረኩ። እሳቸው ወረቀት ላይ ሲተኩሱም ይባርካሉ፣ ለምደውት፣ እና ቀስ እያለ ገባኝ፣ እያንዳንዷ በስመ አብ አንድ ጥይት ናት። ቡራኬው ከመጣ ያለፈው ጥይት አልገደላቸውም ማለት ነው፣ ካልመጣ ግን፣ እንግዲህ እናንተው ጨርሱት። መቁጠር ጀመርኩ፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። በመካከል ስፒከሯን ግድግዳ ላይ ልሰብራት ተነስቼ ነበር፣ ግን ብሰብራት የሚቀጥለውን በምን አውቃለሁ? ስለዚህ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አቀፍኳት። «ጋሼ ይተዉት፣ ጋሼ አይተኩሱ» እያልኩ ጮህኩባት፣ እሳቸው ግን የሚሰሙኝ አይመስሉም፣ ዝም ብለው ይባርካሉ። አሥራ አንድ። አሥራ ስምንት። በእያንዳንዱ አሜን መጨረሻ ላይ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ፣ እንደዚያ ያለ ሁለት ደቂቃ በዕድሜዬ አላየሁም።

ሃያ ሁለተኛው አለፈ። ጠመንጃው ተቀባበለ፣ «በስመ አብ» አሉ፣ ሳል ያዛቸው።

የሐሙሱ ሳል ነው። ያው ርዝመቱ፣ ያው ደረት የሚሰነጥቀው፣ እኔም በዚያች ቅጽበት ጥይቷ ይቺ መሆኗን አወቅሁ፣ እንዴት አወቅህ አትበሉኝ። ሳሉ ቆመ፣ ቡራኬው ግን አልቀጠለም። ያኔ እኔ፣ በስምንት ዓመት አንድ ቀን አፌን ያልከፈትኩት ሰውዬ፣ ሌላ የምይዘው ነገር ስላጣሁ «ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን» ብዬ ጮክ ብዬ ጨረስኩላቸው። ከዚያ በኋላ ከስፒከሯ ምንም አልተሰማም። ሃያ አራተኛው አልመጣም።

ሰብለ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጎን በር ስትገባ እዚያው ደረጃ ላይ አገኘችኝ። ምን ሆነሃል ከማለቷ በፊት የጠየቀችኝን ስሙ፣ «ጋሽ ደምሴ ሄዱ እንዴ? አሁን በሩን ስከፍት ሳላቸውን የሰማሁ መሰለኝ» አለችኝ። አለቀስኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። እሳቸው ናቸው፣ ከቤንዚን ማደያ ነው የሚደውሉት፣ ድምፃቸው ተቆጥቷል።

«ምነው ጠፋህ? ስፈልግህ ዋልኩ እኮ፣ ጫካ ለጫካ።»

«ጋሼ፣ እኔ ቤት ነኝ።»

«የምን ቤት? ሳል አቋርጦኝ ከኋላዬ ሆነህ ጨረስክልኝ አይደል እንዴ? ድምፅህን አላውቀውም? ዞር ስል የለህም።»

 እኔ የጠየቅኋቸው ስለ ጥይቷ ብቻ ነው። አልተኮስኳትም አሉኝ፣ ድምፄን ሲሰሙ ከጠመንጃው አውጥተው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከትተዋት እኔን ፍለጋ ሄዱ። ስለ ባሩዱ ነገርኳቸው፣ ነገ ይዤልህ እመጣለሁ፣ ከፍተህ ታያታለህ አሉኝ። የዚያን ዕለት ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰብለ ስትጸልይ አጠገቧ ቆምኩ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መጡ። ሃያ ሁለት ባዶ ቀለህ አስረከቡኝ፣ ያልተተኮሱ ሃያ ሰባት ጥይቶችም፣ ከዚያ ኪሳቸው ውስጥ እጃቸውን ከተቱ። የለችም። ሌላውን ኪስ አዩ፣ የለችም። ኮቱን አስወልቄ ገበሩን ከላይ እስከ ታች በጣቴ እየጨመቅሁ ፈለግሁ፣ መኪናውን ወንበሩን አውርጄ ፈተሽኩ፣ የጠመንጃውን ሣጥን ገለበጥኩ። ሃያ ሰባቱን ጥይቶች አንድ በአንድ ፈትቼ ባሩዳቸውን መዘንኩ፣ ሁሉም አንድ አንድ ስፍር ብቻ ነው። እንግዲህ የጎደለው ስፍር ያለው ሃያ ሦስተኛዋ ውስጥ ነው፣ እሷ ደግሞ የት እንዳለች የሚያውቅ የለም። ሣር ላይ ወድቃ ይሆናል አሉ ጋሽ ደምሴ፣ ነገሩ ምንም ሳያስጨንቃቸው።

የሚያስፈራኝም ይኸው አለመጨነቃቸው ነው። የሰማሁትን ሁሉ ስነግራቸው ይፈራሉ፣ አደኑንም ዘንድሮ ይተዉታል ብዬ ነበር፣ እሳቸው ግን ፊታቸው በራ፣ ስምንት ዓመት የለመኑኝን ነገር ነዋ ያደረግሁላቸው።

«ባንተ አፍ የተባረከች ጥይት እኔን ምን ታደርገኛለች?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያላልኳቸው ነገር የለም። ማሽኑን ቆለፍኩ፣ ዘንድሮ ጥይት አልሠራም፣ እኔም አልሄድም አልኩ፣ እኔ ካልሄድኩ ይቀራሉ ብዬ፣ ይህ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው። እሳቸው ምን ቸገራቸው፣ ካለፈው ዓመት የተረፉ ስምንት ጥይቶች አሏቸው፣ ቶኒም አብሯቸው አለ። ስምንቱን አምጡልኝ ብዬ ራሴ ቆጥሬ፣ ራሴ ፈትቼ መዝኜ፣ መልሼ ሠራኋቸው፣ ስምንት ናቸው፣ ደህና ናቸው። ኮቱን ብቻ ይቀይሩልኝ አልኩ፣ ሃያ ክረምት አብሮኝ የከረመ ኮት ነው አሉኝ። ከውጭ ሲታዩ ያች የጠፋችውም እነዚህም አንድ ናቸው፣ አንድ አድርጌ የሠራኋቸው እኔ ነኝ።

ትናንት ማታ ከመንገድ ደወሉልኝ፣ ከዚያው ቤንዚን ማደያ። ስለ አየሩ አወሩ፣ ስለ ቶኒ ጉልበት አወሩ፣ በመጨረሻ «ዘጠኝ ጥይት መቼ አነሰን፣ አንዷ ትበቃለች» አሉኝ። ስምንት ነው የሰጠሁዎት ጋሼ አልኳቸው። እስኪ ይቁጠሯቸው አልኳቸው። መቁጠር ሲጀምሩ ይሰማኝ ነበር፣ አምስት ላይ ሲደርሱ ኔትወርኩ ተቆረጠ፣ ከዚያ ወዲያ ስልካቸውም የቶኒም ዝግ ነው። ለቶኒ ሦስት ጊዜ መልእክት ተውኩ፣ ለዚያች ትሑት የፖሊስ ሴትም እንደገና ደወልኩ፣ ስሜን ታስታውሰው ነበር፣ መኪናችን ደግሞ ሌሊቱን ሰብለ ጋ፣ ሥራ ቦታዋ ነበረች።

ዛሬ ወቅቱ ተከፍቷል። ሥራ አልገባሁም፣ ሰብለ ውጣና ንዳ፣ ሂድ ብላኝ መኪናውን ትታልኝ ነበር፣ ቁልፉን ይዤ በሩ ድረስ ደርሼ ነበር። በሩን ስከፍት ከምድር ቤት ጠመንጃ ሲቀባበል ሰማሁ። ወረድኩ። «በስመ አብ» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ ቀጥሎ ሳል። ጉንፋናቸው ከዳነ ሦስት ሳምንቱ ነው።

እኔም ጨረስኩላቸው። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ደጋግሜ፣ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩ። ሳሉ ቆሟል፣ ስፒከሯ ጭኔ ላይ ናት፣ ሁለት ደቂቃው ካለፈ ቆይቷል፣ ደብተሬ እጄ ላይ ስለነበረ ይህን ሁሉ የጻፍኩት በእሱ ላይ ነው። ባለፈው ጊዜ ሰምተውኛል። ዛሬ መስማታቸውን አላውቅም፣ ሃያ አራተኛውን ቡራኬ እየጠበቅሁ ነው።